የሦስተኛው ቀን ቦዬ

ከቶኪዮ ወደ ሰሜን በሚወጣው ሺንካንሰን በሚሉት ፈጣን ባቡር ኮሪያማ ለመድረስ ሰዓት ተኩል አይሞላም። እዚያ ወርደን በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር ያዝንና ትንሽ ወደ ደቡብ ተመልሰን ሱካጋዋ ገባን። በፉኩሺማ ግዛት ያለች፣ ቱሪስት የማይበዛባት ከተማ ናት። ይዞኝ የሄደው ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሲሠራ የተዋወቅን ጃፓናዊ ነው፤ አማርኛው እስካሁን አልጠፋበትም። አዲስ ዓመትን እናቴ ቤት እናሳልፍ ሲለኝ ሳላመነታ እሺ አልኩ። ምግብ ቤት ገብቶ ሱሺ መብላት ሌላ፣ ሰው ቤት ገብቶ ካሮት እየከተፉ መዋል ሌላ ነው።

ችግሩ ጾሙ ነበር። ጃንዋሪ 1 የሚውለው በገና ጾም መካከል ነው። በዚህ ጾም ዓሣ የሚበላ አለ፤ እኔ ከማይበሉት ወገን ነኝ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ያለ ዓሣ መረቅ የሚጣድ ድስት ጥቂት ነው።

የጓደኛዬ እናት ይህን ሲሰሙ ምንም አልከበዳቸውም። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋም ዓሣም የማይገባበት የቆየ የምግብ ሥርዓት ስላላቸው፣ የጾም መረቅ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ኮምቡ የሚባለውን የደረቀ የባሕር ተክልና ሺታኬ የሚባለውን የደረቀ እንጉዳይ በየዕቃው ዘፍዝፈው አሳደሩ። ጠዋት የሁለቱን ውኃ ቀላቅለው ለስለስ ባለ እሳት ላይ ጣዱት፤ ኮምቡውን ሊፈላ ሲል አወጡት። በማንኪያ ቀመስኩ። ጨው ጠብ ሳይልበት አፍ የሚሞላ ጣዕም አለው። በ1908 ኪኩናዬ ኢኬዳ የተባለው ኬሚስት ከኮምቡ ለይቶ ያወጣውና ኡማሚ ያለው ጣዕም ይኸው ነው።

ዲሴምበር 31 ቀን ወጥ ቤቱ ከንጋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ምክንያቱም ከነገ ጀምሮ ምድጃው ያርፋል። ኦሴቺ የሚሉት የበዓል ምግብ ቀድሞ ተሠርቶ በተደራረቡ ጥቁር ሣጥኖች ይደረደርና ቤተሰቡ ሦስት ቀን ያህል ከዚያ ይበላል፤ ስኳሩ፣ ሶያ ሶሱና ኮምጣጤው እንዳይበላሽ ያቆየዋል። የእኛ እናቶች በዓል በመጣ ቁጥር ከምድጃ ሳይነሡ መዋላቸውን ሳስብ፣ የቤቷን እመቤት ጭምር የሚያሳርፍ ይህ ደንብ ልቤን ነካው። ዩኔስኮ በ2013 የጃፓንን ባህላዊ አመጋገብ በቅርስነት ሲመዘግብ የአዲስ ዓመቱን ማዕድ ለይቶ መጥቀሱ ተገቢ ነበር እላለሁ። ዛሬ ዛሬ ሙሉውን ሣጥን ከትልልቅ መደብር የሚገዛ ብዙ ነው። እማማም እንቁላልና ዓሣ ተፈጭቶ የሚጠቀለለውን ገዝተዋል። ጥቁር ባቄላውን ግን ለሌላ ሰው አይሰጡም።

ባቄላው በስኳርና በሶያ ሶስ ውኃ ተዘፍዝፎ አድሯል። ሲጣድ በጨርቅ የተቋጠሩ የዛጉ ምስማሮች አብረው ድስቱ ውስጥ ገቡ። ደንግጬ ጓደኛዬን አየሁት። "ብረቱ ጥቁረቱን ያጠብቀዋል" አለኝ። እሳቱ ከሻማ ብዙ አይበልጥም፤ ባቄላው ከመረቁ ብቅ ካለ ቆዳው ስለሚጨማደድ እማማ በየጊዜው ክዳኑን ከፍተው ውኃ ይጨምራሉ። እስከ ማታ እንዲህ ዋለ። ሲወጣ ያብረቀርቃል፣ ሳይፈርስ ምላስ ላይ ይሟሟል።

እኔ የተሰጠኝ ሥራ ሎተስ የሚባለውን የውኃ አበባ ሥር መላጥ ነበር። ሥሩ ሲቆረጥ ክቡ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ በቀዳዳው የሚመጣው ዓመት አሻግሮ ይታያል ይላሉ። እማማ ዳር ዳሩን እንደ አበባ ቀርጸው ኮምጣጤ ያለበት ውኃ ውስጥ ጣሉት፣ እንዳይጠቁር። ጎደሬው፣ ካሮቱ፣ እንጉዳዩ እያንዳንዱ ለብቻው በጾሙ መረቅ በሰለ። አንድ ላይ ቢጣድ ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ቀለሙ ይደበላለቃል። የፉኩሺማ የክረምት ምግብ የሆነው ኢካኒንጂን፣ ማለትም በቀጭኑ የተከተፈ ካሮትና ደረቅ ስኩዊድ በሶያ ሶስ የተዘፈዘፈው፣ ለእኔ ተለይቶ በብልቃጥ ተቀመጠ። "ለገናህ" አሉኝ።

ማታ ሶባ የሚሉትን የዓመት መሸኛ ኑድል በላን፤ ከሩቅ ቤተ መቅደስ 108 ጊዜ የሚደወለው ደወል ይሰማ ነበር። ጠዋት ሞቺ፣ ማለትም የሚጣበቅ የሩዝ ቂጣ፣ የገባበት ዞኒ የሚባል ሾርባ ቀረበ። የእነሱ የዶሮ፣ የእኔ የጾም። ሞቺው በምሥራቅ ጃፓን አራት ማዕዘን ተቆርጦ ይጠበሳል፣ ኪዮቶ ደግሞ ክብ ሆኖ ሚሶ በሚባል ነጭ የተብላላ የሶያ ሊጥ ይቀቀላል። እማማ የራሳቸውን በትንሽ በትንሹ ቆራረጡት፤ በየዓመቱ ሞቺ ጉሮሯቸው ላይ ተጣብቆ የሚሞቱ አዛውንቶች አሉ።

ጃንዋሪ 2 እና 3 ቤቱ በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተከለ። ሐኮኔ ኤኪደን የዩኒቨርሲቲዎች የቅብብል ሩጫ ነው፤ ከ1920 ጀምሮ የሚካሄድ፣ ከቶኪዮ ሐኮኔ ደርሶ መልስ 217 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከኢትዮጵያ መጥቼ ስለ ሩጫ ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ እማማም "አበበ!" አሉ ፊታቸው እየበራ። በልጅነታቸው ጎረቤት ቤት በቴሌቪዥን አይተውታል። ቀጥለው ግን ሌላ ስም ጠሩ፤ ኮኪቺ ፁቡራያ።

የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን እኛ የምናውቀው በአበበ በኩል ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው 2:12:11.2 ገብቶ፣ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ እናየዋለን። እሱ ሲያፍታታ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም የገባው የሱካጋዋው ልጅ ፁቡራያ ነበር። በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ መጨረሻው ላይ፣ እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀደመው። የነሐስ ሜዳሊያው ጃፓን በዚያ ኦሎምፒክ በአትሌቲክስ ያገኘችው ብቸኛው ሜዳሊያ ነው።

ይህን እየነገሩኝ እማማ ቦዬ ይፈቀፍቁ ነበር። የጃፓኑ ያም የእኛ ቦዬ ዘመድ ነው፤ በጥሬው ይበላል። ውስጡ ሸንተረር ባለው የሸክላ ሙቀጫ በእንጨት ዘነዘና እያሹት የቀዘቀዘውን መረቅ በጭልፋ ጨመሩ፤ ነጭ፣ የሚሳብ፣ አረፋ የያዘ ሆነ። ቶሮሮ ነው፤ በዚህ አካባቢ ጃንዋሪ 3 ትኩስ ሩዝ ላይ ፈስሶ ይበላል።

ፁቡራያ በ1968 ጃንዋሪ፣ አዲስ ዓመትን ከቤተሰቡ ጋር አሳልፎ ከተመለሰ በኋላ፣ በ27 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። የተወው ደብዳቤ በምግብ ይጀምራል። ለአባትና ለእናቱ የሦስተኛው ቀን ቶሮሮ፣ ካኪ የሚባለው የደረቀ ፍሬና ሞቺው እንደጣፈጠው ይነግራቸዋል። ለወንድሞቹና ለሚስቶቻቸው ሱሺውን፣ የወይን ጠጁንና ፖሙን እያነሣ ያመሰግናል፤ ልብሱን ላጠበለትም ምስጋና አለ። የወንድምና የእኅት ልጆችን በስም በስም ይጠራል። ከዚያ እንደደከመውና ከእንግዲህ መሮጥ እንደማይችል ይጽፋል። ቀደም ሲል ስለ ደብዳቤው ሰምቼ ምግቡ ለምን እንደተዘረዘረ አልገባኝም ነበር። እዚያ ቤት ሰንብቼ፣ ባቄላው ቀኑን ሙሉ ሲጠበቅ አይቼ፣ እያንዳንዱ ምግብ የአንድ ሰው ድካም መሆኑን ሳውቅ፣ ደብዳቤው ሰው በሰው የተከፈለ ምስጋና ሆኖ ታየኝ። ቶሮሮውን በልተን ስንጨርስ ጓደኛዬ ስለ ሩጫው ማውራት አቁሞ የእናቱን ሳህን አንሥቶ ማጠብ ጀመረ።

ጃንዋሪ 7 ገና ዋለ። ጃፓኖች በዚያ ጠዋት፣ በድግሱ የሰነበተውን ሆድ ለማሳረፍ፣ ሰባት ዓይነት ቅጠል የገባበት ቀጭን የሩዝ ገንፎ ይበላሉ፤ ቅጠሎቹ ታሽገው ገበያ ላይ ይሸጣሉ። እነሱ ገንፏቸውን ይዘው ሲቀመጡ እማማ ለእኔ የዶሮውን ዞኒ ሠርተው፣ በብልቃጥ የቆየውን ኢካኒንጂን ከጎኑ አድርገው አቀረቡልኝ። በላሁ፤ ገንፎውንም አስጨምሬ በላሁ።