የስልክ ባትሪን በአሮጌ ሕግ መያዝ ይብቃ

አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ዛሬም ድረስ ከሻጩ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ቀን 8 ሰዓት ቻርጅ አድርገው፤ ከዚያ በኋላ ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰካው»። ምክሩ ውሸት ሆኖ አያውቅም። ግን የተሰጠው ዛሬ በእጃችን ለሌለ ባትሪ ነው። ባትሪው ከስልክ ገበያ ከወጣ 20 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ምክሩ ግን እስካሁን ዘልቆ ደህናውን የሊቲየም ባትሪ ከጊዜው በፊት እየገደለ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ገንዘብ የሚላክበት ቴሌብርም አብሮ በሚዘጋበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምክሩ የመጣው ከኒኬል ዘመን ነው። የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር በ1973 ኒውዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን የእጅ ስልክ ጥሪ ሲያደርግ የያዘው መሣሪያ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ የክብደቱም ትልቁ ድርሻ የባትሪው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ለገበያ የቀረበው ዳይናታክ 8000ኤክስ ዋጋው 3,995 ዶላር ሆኖ፣ ለ10 ሰዓት ያህል ተሰክቶ የሚያናግረው ለግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ውስጡ ኒኬል ካድሚየም ነበረ። የዚህ ባትሪ ችግር በግማሽ እየተጠቀሙ ደጋግመው ሲሞሉት ካድሚየሙ ላይ ትልልቅ ክሪስታሎች ማደጋቸው ነው። ያኔ ቮልቴጁ ከተለመደው ቀድሞ ይወርድና ስልኩ «አለቀ» ብሎ ይዘጋል። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ማስጨረስና እንደገና መሙላት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ረጅም ቻርጅም ምክንያት ነበረው፦ ባትሪው መደርደሪያ ላይ እያለ በራሱ ባዶ ይሆናል፣ የዘመኑ ቻርጀር ደግሞ የሚሰጠው ከባትሪው አቅም አንድ አሥረኛውን ያህል የኤሌክትሪክ ጅረት ብቻ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ መርዛማውን ካድሚየም አስቀረ፤ በ2000 የወጣው ኖኪያ 3310 ከፋብሪካ የተሸጠው በዚሁ ዓይነት የ900 ሚሊአምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ባትሪ ነው።

ሊቲየም አዮን ከዚያ በፊት ተወልዷል። ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ መሠረቱን ጣለ፣ ጆን ጉዲናፍ በ1980 ኮባልት ኦክሳይድን አመጣ፣ አኪራ ዮሺኖ በ1985 ንጹሕ ሊቲየም ብረት የማይፈልገውን ደኅና ባትሪ ሠራ፣ ሶኒ ደግሞ በ1991 ለገበያ አቀረበው። ሦስቱ ሳይንቲስቶች የ2019ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል፤ ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመቱ ነበር።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ባትሪ ውስጡ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ፎይሎች ተጠቅልለው ወይም ተደራርበው ይገኛሉ። መዳቡ ላይ ግራፋይት፣ አሉሚኒየሙ ላይ ኮባልት ያለበት ኦክሳይድ ተቀብቷል፤ በመካከላቸው ቀጭን የፕላስቲክ መለያያና ተቀጣጣይ ፈሳሽ አለ። ስትሰኩት የሊቲየም አዮኖች ወደ ግራፋይቱ ይገባሉ፣ ስትጠቀሙ ይመለሳሉ። ቻርጀሩ በመጀመሪያ ብዙ ጅረት ይሰጣል፤ ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ ሲደርስ (በድሮዎቹ 4.2 ቮልት፣ በአሁኖቹ 4.4 እና ከዚያ በላይ) ቮልቴጁን ባለበት ይዞ ጅረቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የመጨረሻው 20 ፐርሰንት የሚጎተተው ለዚህ ነው፤ ቻርጀሩ ተበላሽቶ አይደለም። 100 ሲሞላም ስልኩ ራሱ ጅረቱን ያቆማል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መሰካት «ከልክ በላይ አይሞላም»፤ ጉዳቱ ሌላ ነው።

ጉዳቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ሞቆ መቆየት ነው። ግራፋይቱ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀጭን የመከላከያ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ ያስፈልጋል፣ ነገር ግን እየወፈረ በሄደ ቁጥር ለሥራ የሚውለውን ሊቲየም ይበላል፤ ባትሪው በሞላና በሞቀ መጠን ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል። ትራስ ሥር ተሰክቶ የሚያድር ስልክ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ፣ ወፍራም ሽፋን ለብሶ በፈጣን ቻርጀር እየተሞላ ጌም የሚጫወትበት ስልክ በዚህ ይጎዳል። አምራቾች የሚመክሩት የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከሰመራና ከጋምቤላ የቀትር ሙቀት አንጻር ይህ ጣሪያ ቅርብ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ቻርጅ ማድረግ የሚሻለው ማታ ወይም ማለዳ ላይ፣ ሽፋኑን አውልቆ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ የተገላቢጦሽ አደጋ አለ፦ ሊቲየሙ ግራፋይት ውስጥ መግባት አቅቶት ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት ውጭ የቆየ ስልክ ክፍል ውስጥ ሞቅ ሳይል አይሰካ።

ስለዚህ የዛሬው ሕግ ከድሮው ተቃራኒ ነው፦ 20 ገደማ ሲደርስ ሰኩ፣ 80 ላይ ንቀሉ፣ በየመካከሉ ትንሽ ትንሽ መሙላት ምንም አያደርገውም። የባትሪ «ዙር» የሚቆጠረው በተሰካበት ጊዜ ብዛት ሳይሆን በጠቅላላው ኃይል ነው፤ ሁለት ጊዜ ከ30 ወደ 80 መሙላት አንድ ዙር ብቻ ነው። አፕል እስከ አይፎን 14 ላሉት 500 ዙር ላይ 80 በመቶ አቅም ይቀራቸዋል ይላል፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ ቁጥሩ 1,000 ሆኗል። ብዙ አዳዲስ ስልኮች 80 ላይ የሚያቆም ማስተካከያ በባትሪ ሴቲንግ ውስጥ አላቸው፤ አብሩት። መብራት ሁለት ቀን ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ ግን እስከ 100 ሙሉት። ባትሪው ለእኛ እንጂ እኛ ለባትሪው አልተፈጠርንም፤ የሚጎዳው 100 መሙላቱ ሳይሆን 100 ላይ ለቀናት ተሰክቶ መኖሩ ነው።

መብራት ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጅ ይዋልላል፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚችል ደህና ቻርጀር እንኳ ከዚያ በላይ የሚዘል ግፊትን አይችልም። አምስት ደቂቃ መጠበቅ ቻርጀሩን፣ ከቻርጀሩም አልፎ የስልኩን የቻርጅ አይሲ (ቻርጁን የሚቆጣጠረውን ቺፕ) ያተርፋል።

ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ባትሪው የሚያልቀው አርጅቶ ላይሆን ይችላል። ስልኩ ከማማው በራቀ ቁጥር የሚያሰራጨውን ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ በ900 ሜጋኸርዝ 2ጂ ላይ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ገጠር ስትጓዙ፣ የሚጠራ ሰው ከሌለ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ ከየትኛውም «ባትሪ ቆጣቢ» አፕሊኬሽን ይበልጣል።

ስልኩ 30 ፐርሰንት እያሳየ ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ምክንያቱ የባትሪው የውስጥ ተቃውሞ (ጅረቱን የሚያግደው ባሕርይ) መጨመር ነው። ያረጀ ባትሪ ኃይሉ ቢኖርም በአንድ ጊዜ መስጠት ያቅተዋል፤ ካሜራ ስትከፍቱ ወይም ስትደውሉ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወድቅና ስልኩ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። አፕል በ2017 መጨረሻ አሮጌ አይፎኖችን እንደሚያዘገይ ያመነው ይህን መጥፋት ለመከላከል ነበር፤ የተወቀሰውም ለባለቤቶቹ ሳይናገር በማድረጉ ነው። እንዲህ ላለ ስልክ ፎርማት ማድረግ አይረዳም፤ ባትሪ መቀየር ነው።

የባትሪን ጤንነት በሻጭ ቃል ሳይሆን በመለኪያ ማወቅ ይቻላል። ቻርጀሩና ኬብሉ መካከል የሚገባ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ያስፈልጋል። ስልኩ በራሱ እስኪጠፋ ተጠቀሙ፣ እንደጠፋ ሰኩት፣ 100 እስኪሞላ የገባውን ዋት ሰዓት (የኃይል መጠን መለኪያ) አንብቡ። ለምሳሌ ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ከሆነ፣ በስም ቮልቴጁ (ባትሪው ላይ በተጻፈው አማካይ ቮልቴጅ) በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19.25 ዋት ሰዓት ነው። በመንገድ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ወደ ሙቀት ይባክናል፤ ስለዚህ ጤነኛ ባትሪ መለኪያው ላይ ከ22 እስከ 24 ዋት ሰዓት ያሳያል። 15 ብቻ ካሳየ የቀረው አቅም ወደ 65 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መለኪያው ላይ ያለውን ሚሊአምፒር ሰዓት ከባትሪው ጽሑፍ ጋር በማነጻጸር ነው። መለኪያው የሚቆጥረው በ5 ወይም በ9 ቮልት ስለሆነ ቁጥሮቹ አይገናኙም፤ የሚገናኘው ዋት ሰዓት ነው።

መለዋወጫ ባትሪ ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥር ማተም ቀላል ነው፤ ክብደትን ማስመሰል ግን ይከብዳል። ግራፋይት ያለበት 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ 70 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ60 በታች ከሆነ ፎርጅድ ነው ብላችሁ ተዉት። የኖኪያው ቢኤል-5ሲ 1,020 ሚሊአምፒር ሰዓት ይዞ 20 ግራም ገደማ ነው፤ በዚያው መጠን «3,000» የተጻፈበት ካያችሁ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙ። «አዲስ» የተባለ ሆኖም ሦስት ዓመት መጋዘን የቆየ ባትሪም አለ፤ የተመረተበትን ቀን ፈልጉ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ስልክ ወይም ባትሪ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ባዶ ሆኖ ከተቀመጠ ቮልቴጁ ወደ 2 ቮልት ሲወርድ የመዳቡ ፎይል መሟሟት ይጀምራል፤ መልሶ ሲሞላ መዳቡ የማይገባበት ቦታ ተለጥፎ ውስጡን ሊያገናኘው ይችላል። ለዚህ ነው የሞተን ባትሪ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ ጋር አያይዞ «መቀስቀስ» ጥሩ ሙያ ያልሆነው። በስልኩ ቻርጀር ግማሽ ሰዓት ሰክታችሁ ካልተነሳ ይቀየር።

ያበጠ ባትሪ ውስጡ ፈሳሹ ተበላሽቶ ጋዝ ሆኗል። አይበሳ፣ አይጫን፣ አይሰካ። ጋዙን ለማስወጣት በመርፌ መብሳት ፎይሎቹን ማገናኘት ነው፤ ውጤቱ እሳትና የሚመርዝ ጭስ ነው። ሳምሰንግ በ2016 ኖት 7 የተባለውን ስልክ እስከ ማቆም ያደረሰው ጉድለት በዓይን የማይታይ ነበር፦ በአንዱ አቅራቢ ባትሪ ላይ የማዕዘኑ መታጠፍ፣ በሌላው ላይ ከብየዳ የተረፈ ሹል ብረት።

ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ስልኩ መጀመሪያ ከ25 ፐርሰንት በታች ይውረድና ይጥፋ፤ ባዶ ሊሆን የቀረበ ባትሪ ቢጎዳም የሚለቀው ኃይል ትንሽ ነው። የጀርባውን ጠርዝ በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁ፣ ቀጭን ፕላስቲክ ካርድ አስገቡ፣ ወደ ጥልቅ አትግፉ፤ የጣት አሻራው ኬብል ከሥሩ ሊኖር ይችላል። ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ሶኬት በፕላስቲክ መፍቻ መንቀል ነው። በብረት ወይም ሌላ ኬብል አስቀድሞ መንቀል የስክሪን መብራቱን ወይም ቦርዱን ያቃጥላል። ማጣበቂያው ካስቸገረ በጠርዙ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥቂት ጠብታ አድርጉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ባትሪውን ከሥሩ ፈንቅላችሁ አታጥፉት፣ የታጠፈም ተመልሶ አይገጠም። አዲሱን ከመለጠፋችሁ በፊት ሰክታችሁ ስልኩ መነሳቱንና ቻርጅ መቀበሉን እዩ። ዙሪያውን አዲስ ላስቲክ ካልተደረገለት ስልኩ ከእንግዲህ ውኃ አይችልም።

የሚመጣው ዘመን ይህን ሥራ እያቀለለው ነው። አይፎን 16 ላይ ማጣበቂያው 9 ቮልት ለ90 ሰከንድ ያህል ሲነካው በራሱ ይለቃል። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ ለሚሸጡ ስልኮች ባትሪው 800 ዙር ላይ 80 በመቶ መያዝ አለበት፤ ከየካቲት 2027 ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል ባትሪ ይጠየቃል፣ በጣም ለሚበረክቱና ውኃ ለሚችሉ ስልኮች ከተሰጠው ልዩ ፈቃድ በስተቀር።

ትልቁ ለውጥ ግን ሲሊከን ነው። አንድ ግራም ግራፋይት የሚይዘው እስከ 372 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲሆን ሲሊከን ወደ አሥር እጥፍ ይይዛል፤ ችግሩ ሲሞላ እስከ ሦስት እጥፍ ማበጡ ነው። ስለዚህ በካርቦን ውስጥ ተሸፍኖ በትንሽ መጠን ይደባለቃል። የቻይናው ስልክ አምራች ኦነር በ2023 ለቻይና ገበያ ባቀረበው ማጂክ5 ፕሮ ላይ 5,450 ሚሊአምፒር ሰዓት አስገባ፤ ከዚያ ወዲህ 6,000 እና 7,000 የያዙ ቀጫጭን ስልኮች ተለምደዋል። ለአውሮፓ የሚሸጠው ያው ሞዴል ብዙ ጊዜ አነስ ያለ ባትሪ የሚይዝበት አንዱ ምክንያት የማጓጓዣ ሕግ ነው፦ አንድ ሴል (ባትሪው የሚሠራበት አንድ ክፍል) ከ20 ዋት ሰዓት ካለፈ እንደ አደገኛ ዕቃ የሚጓጓዝበት ሥርዓት ጥብቅ ይሆናል። አንዳንድ አምራቾች ባትሪውን ለሁለት ሴል ከፍለው ያልፉታል።

ሲሊከን ያለበት ባትሪ ኃይሉን እስከ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ድረስ ስለሚሰጥ፣ ለግራፋይት የተሠራ መለዋወጫ «ልክ ይገጥማል» ተብሎ ቢገባበት ስልኩ የሚያሳየው ፐርሰንት ይሳሳታል፣ አቅሙም በዚያው መጠን ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ስልክ ከዱባይ ወይም ከቻይና የምታስመጡ ሰዎች የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን ባትሪው ላይ የታተመውን ኮድ፣ የስም ቮልቴጁንና የጣሪያ ቮልቴጁን ዛሬውኑ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ ትክክለኛውን መለዋወጫ ለማዘዝ የምትፈልጓቸው ቁጥሮች እነዚያ ናቸው።