ከጡረታ በኋላ ካፌይንን በቤቴ ሳሰላ

የንድፈ ሐሳብ ኬሚስት ሆኜ የሠራሁባቸው ዓመታት ከብልቃጥ ይልቅ ከኮምፒውተር ጋር ያለፉ ናቸውና፣ ጡረታ ስወጣ ከማስተማሩ ይበልጥ የናፈቀኝ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላልኝ ያድር የነበረው የመሥሪያ ቤቱ ማሽን ነበር። ጅማ ባለው ቤቴ የቀረኝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ስለሆነ አቅሙን የሚመጥን ጥያቄ መፈለግ ነበረብኝ፤ እሱንም ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ከምትቆላው ቡና አገኘሁት። ካፌይን ያሉት 24 አቶሞችና 102 ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። የፈለግሁት ከአንድ የውሃ ሞሊኪዩል ጋር በምን ቅርጽ እንደሚያያዝ ማወቅ ነበር።

በመጀመሪያ የቃጣኝ ኤሌክትሮኖች አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ በዝርዝር የሚያሰላውንና በጥራቱ የሚመሰገነውን የኮፕልድ ክላስተር ዘዴ መሞከር ነበር፤ ሆኖም የዚህ ዘዴ ሦስተኛ ደረጃ እርማት የታከለበት ስሌት፣ ሞሊኪዩሉ በእጥፍ ሲያድግ ሥራው 128 እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር ለእኔ ማሽን የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ከመከታተል ይልቅ በኤሌክትሮኖቹ ጥግግት ላይ የሚመሠረተውን፣ ዋልተር ኮን በ1964 ከሆሄንበርግ፣ በ1965 ደግሞ ከሻም ጋር መሠረቱን የጣለለትን ስልት ያዝሁ። (ኮን ፊዚሲስት ሆኖ ሳለ በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለም 75 ዓመቱ ነበር፤ ይህን ለጡረተኛ ጓደኞቼ መንገር ደስ ይለኛል።)

ስሌቱ በአራተኛው ቀን ላይ ሳለ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪም ካረጀ ቆይቷልና አብሮ ጠፋ። በየእርምጃው ውጤቱን እንዲያስቀምጥ አላዘዝሁትም ነበር። አሁን በየእርምጃው አስቀምጣለሁ፤ ደግሞም መጀመሪያ በትንሽ የመሠረት ስብስብ (ኤሌክትሮኖቹን ለመግለጽ በሚያገለግሉ ጥቂት የሒሳብ ቀመሮች) አሰላና የተገኘውን ቅርጽ ለትልቁ መነሻ አደርገዋለሁ፤ ይህም ጊዜ ይቆጥባል።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነበር። ያገኘሁትን ቅርጽ ለቀድሞ ተማሪዬ በስልክ በኩራት ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ንዝረቱን አይተውታል?» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ተማሪ ስቆጣበት የኖርሁትን ነገር ራሴ ዘልዬዋለሁ! ባሰላው ከንዝረቶቹ አንዱ በአሉታዊ ምልክት ወጣ፤ ይኸውም ቅርጹ የጉልበት ሸለቆ ግርጌ ላይ፣ ማለትም ሞሊኪዩሉ በሚረጋጋበት ዝቅተኛ ጉልበት ላይ ሳይሆን በሁለት ሸለቆዎች መካከል ባለ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ጥፋተኛው ከካፌይኑ ሦስት የሜቲል ቡድኖች (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላቸው ክፍሎች) አንዱ ነበር፤ በንዝረቱ አቅጣጫ ጥቂት ዲግሪ አዙሬ እንደገና ሳስጀምረው ምልክቱ ጠፋ።

ዛሬ ማታ ሁለተኛ የውሃ ሞሊኪዩል ጨምሬበታለሁ፤ ላፕቶፑም እንዳይግል መስኮቱ አጠገብ፣ ከሥሩ ሁለት እንጨት ተደርጎለት እየሠራ ነው።