የካንቶኒዝ ቋንቋም «እኮ» አለው

ደሴ ፒያሳ ላይ ቆመው ከሚያወሩ ሁለት ሰዎች አፍ «እኮ»ን፣ «እንጂ»ን፣ «ኧረ»ንና «እስቲ»ን ብትቀማ ወይ ይጣላሉ ወይ ዝም ይላሉ። «ና ብላ» ትእዛዝ ነው። «ኧረ ና ብላ እንጂ» ግን ወሎ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ካንቶኒዝ ነው፣ ሆንግ ኮንግ፣ ማካውና ጓንዡ የሚነገረው የቻይና ቋንቋ። ለማያውቀው ሰው ቀድሞ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ነው፦ ላ፣ ሎ፣ ሜ፣ ዎ። የዘፈን ማሳመሪያ ይመስላል፤ ግን ሥራ ላይ ናቸው።

እኛ «ትሄዳለህ» ብለን መጨረሻው ላይ ድምፃችንን ከፍ ብናደርግ ጥያቄ ይሆናል፣ ጫን ብንለው ደግሞ ቁጣ። እነሱ ጋ ግን የድምፅ ከፍታ ሌላ ሥራ ይዟል። «ሲ» የምትለዋን አንዲት ድምፅ በስድስት ዓይነት ቃና ስትላት ግጥም፣ ታሪክ፣ መሞከር፣ ጊዜ፣ ገበያ፣ ጉዳይ ትሆናለች። ታዲያ እንደ ልብ ድምፅ ማውጣትና ማውረድ ስለማይመች ስሜቱን ጥቃቅኖቹ ይሸከሙታል።

«ሴክ ፋን ላ» ሲሉ ያ «ላ» የኛ «እንጂ» ነው፣ ብላ እንጂ። «ሜ» ያላመነ ሰው «እንዴ?» ናት፣ አልመጣም እንዴ? እኔ የምወዳት ግን «ሎ»ን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትመጣ አርፍደህ «ለምን ዘገየህ?» ስትባል «መኪና የለማ!» ትል የለ? «ሎ» ማለት ያቺ «ማ» ናት፤ ይሄም ይጠየቃል ወይ የምትል።

«ዎ» ደግሞ ሁለት መልክ አላት። በመካከለኛ ድምፅ ስትባል «ልብ በል እንግዲህ» ዓይነት ነገር ናት። ከታች ተነስታ ከፍ ስትል ግን የኛ «አሉ» ነች። «ሊጋቡ ነው አሉ» ብለህ እጅህን ትታጠባለህ፣ ወሬው የሌላ ሰው ነው። የደሴ ቡና ያለ «አሉ» እንዴት ይጠጣል?

እኛ «ኧረ»ን ፊት፣ «እኮ»ን መሀል፣ «ማ»ን ግሱ ላይ ለጥፈን እንበትናቸዋለን። እነሱ ባብዛኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚያሰልፏቸው፣ ሁለት ሦስቱን ደርድረው፣ «ጋ ላ ዎ» እያሉ።

ጋዜጣና መደበኛ ጽሑፍ ላይ ግን ሆንግ ኮንግም ባብዛኛው አትጽፋቸውም። እኛስ ለቀበሌ ማመልከቻ «ጣሪያዬ እኮ ያፈሳል» እንላለን እንዴ? የስልክ መልእክት ላይ ግን ይጎርፋሉ፣ እና ላ፣ ሎ፣ ሜ፣ ዎ አራቱም ሲጻፉ በግራ በኩል ትንሽ ሳጥን መሳይ ምልክት አለቻቸው። ትርጉሟ «አፍ» ነው።