መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ተፈናቅለው ወደ ከተማችን ከመጡ ሴቶች ጋር አራት ወር ሥዕል ስንሠራ ከርመን ዐውደ ርእይ አዘጋጀን። ቁስሉ የማይታይ ሰውም ታማሚ መሆኑን ለማሳየት ነበር።

ዕቃው አያስቸግርም። አቡጀዲ በጣውላ ወጥረን ኮላና ነጭ ቀለም ቀባነው፤ ከሰሉን ከምድጃ አመጣን። በእኛ አገር ብርድ ኮላው ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ቀን ተዉት። «የደረሰባችሁን ሳሉ በሏቸው» የሚል ምክር ተሰጥቶኝ ነበር፤ አልተቀበልኩትም፣ እናንተም አትቀበሉት። «ከቤታችሁ የናፈቃችሁን ዕቃ ሳሉ» አልኳቸው። አንዲት እናት የበር መቀርቀሪያ ብቻ ሳሉ።

አዳራሹን የፈቀዱልን ኃላፊ ሥዕሎቹን አገላብጠው «መምህር፣ ታዲያ በሽታው የታለ?» አሉኝ። ደም ያለበት እንዲጨመር ፈለጉ፤ አሻፈረኝ አልኩ። በዚህ ስለረታኋቸው የምርቃቱን ዝግጅት ለእሳቸው ለቀቅኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

በዕለቱ ጠዋት ሁለት ወጣቶች ፊኛ እየነፉ ጣሪያው ሥር ይሰቅላሉ። አየሁ። ዝም አልኩ። ጭራሽ መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። የክብር እንግዶች ከፊት፣ ሴቶቹ ከበሩ ርቀው ከኋላ ጥግ ተቀመጡ። ንግግሩ መሀል ላይ አንዱ ፊኛ የጋለ አምፖል ነክቶ ፈነዳ፤ ወዲያው ሌላው። እንግዶቹ ሳቁ። ዞር ስል ከኋላ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሴቶቹ ወለሉ ላይ ነበሩ። አንዷ የጎረቤቷን ልጅ በሰውነቷ ሸፍናለች፤ መቀርቀሪያ የሳሉት እናት አንድ እግር ጫማቸው ወልቆ ጠረጴዛ ሥር ገብተዋል።

ኃላፊው በድምፅ ማጉያው «አይዟችሁ፣ ፊኛ ነው!» አሉ። ፊኛ መሆኑንማ ያውቃሉ። ሐኪሞች ድኅረ አደጋ ሰቀቀን የሚሉት ሕመም እኮ ማወቅን አይጠብቅም፤ ልብ «ፊኛ ነው» ከማለቷ በፊት ገላ መሬት ይይዛል። «በሽታው የታለ?» ብለው ለጠየቁኝ ሰው ከዚህ በላይ ምን ላሳይ? ካሜራ ይዞ የሮጠውን ልጅ ሌንሱን በእጄ ከደንኩበት። ያን ቀን በትክክል የሠራሁት እሱን ብቻ ነው። ከሻይ በኋላ «መርሐ ግብሩ ይቀጥል» ተባለ። ሪፖርቱም «በድምቀት ተመረቀ» ይላል።

በሁለተኛው ጊዜ ምርቃት የሚባል ነገር አላደረግኩም። ሪባን የለም፣ ንግግር የለም፣ በሩ ክፍት፣ ወንበሮቹ በሩ አጠገብ፤ አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስም ከእነሱ ጋር ተቀምጣ ዋለች። እኚያ እናት መጥተው ሥዕላቸው ፊት ብዙ ቆሙ።

«ልጄ፣ ገልብጠህ ሰቅለኸዋል» አሉኝ። «ይሄ ከውስጥ የሚዘጋ ነው።»

በምርቃቱም ቀን እንዲሁ ተገልብጦ ነበር። አውርጄ አዞርኩት።