«እንግዲህ ምን እናድርግ?»

እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2019 ዓ.ም. አደረሳችሁ!

ወዳጆቼ፣ ይህችን ሰላምታ ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሰማችኋት? ከአራት ኪሎ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ አደይና ቄጤማ በሚሸጥበት በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ በስልክ፣ በቴሌግራም። ሁላችንም እንላታለን። የወንጌላዊው ስም ግን ከአፋችን ከወጣ በኋላ ብዙም አይከተለንም። ዓመቱ በስሙ እየተጠራ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሳይገለጥ ይከርማል። የዘንድሮ የበዓል መልእክቴ ይህን የሚመለከት ነው፤ ዓመቱ የሉቃስ ከሆነ ሉቃስን እናንብበው፣ ካነበብነውም የሚለውን እናድርግ።

ስሌቱን ለማታውቁት ልጆች፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2019 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7519 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነውም በዘመነ ሉቃስ ነው። ይህችን ስድስተኛ ቀን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ዕለቱም ስም አለው። እናቶቻችን ዛሬም «እንኳን ለቅዱስ ዮሐንስ አደረሰህ» ነው የሚሉት። የዚህን የመጥምቁን የዮሐንስን ስብከት አራቱም ወንጌላውያን ያነሡታል፤ ሰሚዎቹ መልሰው የጠየቁትን ጥያቄ የጻፈልን ግን ሉቃስ ብቻ ነው፣ በምዕራፍ 3 ከቁጥር 10 እስከ 14። «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ሲሉ መጀመሪያ ሕዝቡ ጠየቁ፣ ከዚያ ቀራጮች፣ ከዚያ ጭፍሮች። የዮሐንስን መልስ ልብ በሉልኝ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል፣ ምግብ ያለውም እንዲሁ ያድርግ። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ጭፍሮቹን በማንም ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ማንንም ሥራህን ትተህ በረሃ ግባ አላለም። ለእያንዳንዱ በቁም ሳጥኑ፣ በሚሰበስበው ገንዘብ፣ በያዘው መሣሪያ ልክ መለሰለት። መጽሐፍ ቅዱስ አንብቦ መለወጥ የሚባለውን ነገር ከዚህ ቦታ በተሻለ የሚያሳየኝ ክፍል የለም።

አሁን ወደ አካሄዱ። የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፍ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ በወር ሁለት ምዕራፍ፣ ለአንድ ምዕራፍ 15 ቀን። መስከረም 1 እና 2ን፣ ጥቅምት 3 እና 4ን እያለ ነሐሴ ላይ 23 እና 24 ይደርሳል። በዚህ አንሷል የሚል ይኖራል። መስከረም 1 ቀን ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ በዓመት ሰማንያ አሐዱን እጨርሳለሁ ብሎ የተነሣ ስንቱ ሰው ነው ዘሌዋውያን ላይ ሲደርስ የሚቆመው። እዚህ ግን የምንፈልገው ምዕራፍ መቁጠር አይደለም፤ አንዱ ምዕራፍ ቤታችን ገብቶ እንዲቀመጥ ነው።

ዐሥራ አምስቱ ቀን በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹን 5 ቀናት ያንኑ ምዕራፍ በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር ድምፅ አውጥቶ ማንበብ። ድምፅ ማውጣቱን አትናቁት። በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርታችን ማንበብ የሚለመድበት ንባብ ቤት የሚቀድመው፣ አንድምታ የሚባለው የመጻሕፍት ትርጓሜም ገና ኋላ በመጻሕፍት ቤት የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይን የለመደውን ዘልሎ ያልፋል፤ ምላስ ግን መዝለል አይሆንላትም። ምዕራፍ 1 ብቻ 80 ቁጥር ስላለው ይረዝማል፤ አንድ ቀን እስከ 38፣ በማግስቱ ከ39 እስከ መጨረሻው ብታደርጉት ይቀላል። በቀጣዮቹ 5 ቀናት ከምዕራፉ አንድ ታሪክ ወይም አንድ ትምህርት፣ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ቁጥር የማይበልጥ፣ በእጅ መገልበጥ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ለዓመት ይበቃል። ከግልባጩ ሥር ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ማን ምን ተባለ፣ ሰምቶ ምን አደረገ፣ ከእኔ ሕይወት ይህን የሚነካው የቱ ነው። የመጨረሻዎቹ 5 ቀናት ለአንድ ሥራ ናቸው። አንድ፣ ሁለት አይደለም።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ሥራው ላይ ነው። «ከእንግዲህ ደግ እሆናለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው በዐሥራ አምስተኛው ቀን አድርጌዋለሁ ወይስ አላደረግሁም ብሎ ምልክት ሊያደርግበት አይችልም። የሰው ስም፣ ቀንና ልክ ያስፈልገዋል። የምዕራፍ 3ን ሁለት ልብስ እንይ። ጥቅምት ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ቅዳሜ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ይከፈት፤ ጃኬቶቹ አልጋ ላይ ተዘርግተው ይቆጠሩ። ሦስት ከሆኑ የሚወጣው ዚፑ የተበላሸው ወይም ክርኑ የሳሳው እንዳይሆን። ዮሐንስ አካፍል ነው ያለው፣ ያረጀውን ጣል አላለም። ነገ እናንተው ለብሳችሁት ልትወጡ የምትችሉት ይሁን። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ኪሱ ተፈትሾ፣ የጎደለ ቁልፍ ካለ ተተክሎ፣ ሌሊቱን ውጭ ለሚያድረው ለሰፈሩ ጥበቃ በእጁ ይሰጥ። ስሙን ሳትጠይቁ አትመለሱ፤ ፎቶም አታንሡት። ደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ ምልክት አድርጉበት።

በጥር ሁለተኛ አጋማሽ ምዕራፍ 10 ላይ ደጉን ሳምራዊ እናገኛለን። ለእንግዶች ማደሪያ ጠባቂው የሰጠው ሁለት ዲናር ነው፤ በማቴዎስ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ምንዳ ነበር። የእናንተን ሁለት ቀን አስሉት። በወር 12,000 ብር የሚያገኝ ሰው ለ30 ሲያካፍል 400 ይመጣል፤ ሁለት ቀኑ 800 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከወሩ መጀመሪያ ተለይቶ በፖስታ ይቀመጥ፤ የጎረቤት መድኃኒት ወይም የአንዲት እናት ሆስፒታል መመላለሻ ድንገት ሲመጣ «አሁን እጄ አጥሯል» እንዳንል። ሳምራዊው ሁሉንም ራሱ አልሠራም። ቁስሉን አስሮ፣ በአህያው አድርሶ፣ ሌሊቱን አስታሞ፣ በማግስቱ ለጠባቂው አደራ ብሎ መንገዱን ቀጠለ፤ ሲመለስ የጎደለውን ሊከፍል ቃል ገባ። ሁሉን ተሸክመው በሦስተኛው ቀን ደክመው የሚጥሉ ደጋግ ሰዎች ይህችን ያስተውሉልኝ።

ምዕራፍ 14 ዐቢይ ጾም ውስጥ፣ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ይደርሳል። ጌታ እርሱን ለጋበዘው ሰው፣ ምሳ ወይም እራት ስታደርግ ወዳጆችህን፣ ወንድሞችህን፣ ዘመዶችህን፣ ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ ይለዋል። ምክንያቱንም አብሮ ይነግረዋል፤ ብድራት የሚመልሱት የላቸውም። ለበዓል የምንጠራቸውን ሰዎች ዝርዝር ብንጽፍ መልሶ የማይጠራን ስንት ይገኛል? ለዚህ እስከ መጋቢት መጠበቅም የለብንም። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለዋለ ለምንጾመው ሰዎች ዶሮው የሚቀርበው ነገ ነው። ለመጥራት አንድ ሌሊት አለን ማለት ነው። ከዐሥራ ሁለቱ ብልት አንዱ ለእንግዳ ይታሰብ። ወጥ በሳህን ለበር ጠባቂው መላክ መልካም ነው፤ ቃሉ ግን ላክ አይልም፣ ጥራ ነው የሚለው። መቀመጫ፣ የእጅ ውሃ፣ ጉርሻ፣ ቡና እስከ ሦስተኛው ድረስ። የፒያሳና የአራት ኪሎ ሰፈሮች ሲነሡ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም የሄዱ፣ ዓመት በዓልን ብቻቸውን የሚውሉ አዛውንቶች አሉ። ስትጠሩ የሚመጡበትንና የሚመለሱበትን መኪና አብራችሁ አስቡ፤ ትራንስፖርት ያላሰበ ጥሪ ለእነሱ ጥሪ አይደለም።

ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። በ16ኛው ቀን የጀመርነው ምዕራፍ 16 ነውና በዚያ ሳምንት የምናነበው ባለጠጋውንና አልዓዛርን ነው። በጌታ ምሳሌዎች ውስጥ በስም የተጠራ ድሀ አልዓዛር ብቻ ነው። ሀብታሙም በሲኦል ሆኖ «አልዓዛርን ስደድልኝ» ሲል ስሙን ጠርቶ ነው። ደጁ ላይ የተኛውን ሰው ያውቀው ኖሯል! በየቀኑ ከምናልፋቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከሚቀመጡት የስንቱን ስም እናውቃለን? በዚያ ሳምንት ሥራው ስም መጠየቅ ብቻ ቢሆንም ይበቃል።

ሰኔን ግን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እኛ ደግሞ ምዕራፍ 19 ላይ የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስን እናገኛለን። ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፣ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ኦሪት ራሱ ለሚናዘዝ ሰው የምታዘው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ነው፤ አራት እጥፍ የበግ ሌባ ቅጣት ነበር። ዘኬዎስ ማንም ሳይፈርድበት ከባዱን በራሱ ላይ ፈረደ። በደብተሩ ሦስት ዓምድ ይሰመር፦ ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ፣ የሠራተኛዋን ደመወዝ ያዘገየ ቤት፣ ተበድሮ የረሳ ጓደኛ፣ ፋይል ለማንቀሳቀስ «ሻይ» የተቀበለ ሠራተኛ፣ ሁሉም እዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አለው። አንዳንዱ መመለስ ግን ሌላ ሰው ይጎዳል፣ ወይም ባለመብቱ አይገኝም፤ ያን ጊዜ በራሳችሁ ፍርድ አትሂዱ፣ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ማድረግ የሌለባችሁ አንድ ነገር አለ፤ ለባለመብቱ ያልመለሱትን ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ ዕዳውን እንደተከፈለ መቁጠር።

ሌሎቹን እንቅፋቶች በአጭሩ ልበል። አንደኛው ለሌላ ሰው ማንበብ ነው፤ «ይህቺ ለባለቤቴ ትሆናለች» ያላችሁበት ቁጥር የራሳችሁ ሊሆን ይችላልና ቀድማችሁ ገልብጧት። ስልክ ላይ ማንበብም ይቻላል፣ ነገር ግን መልእክት ሲገባ ንባቡ ይቋረጣልና ዳታው ይጠፋ። ጥቅስ ለአርባ ሰው መላክ ታዛዥነት አይደለም። ቀን ሲያመልጣችሁ ደግሞ ውዝፍ አትክፈሉ፤ ያመለጣችሁን ምዕራፍ ትታችሁ ቀኑ የሚለውን ግለጡ። ብዙ ሰው የሚያቆመው ቃሉን ጠልቶ ሳይሆን የተጠራቀመው ዕዳ ስለሚያሳፍረው ነው። ደግሞም ብቻችሁን አትሁኑ። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ወይም አንድ የልብ ጓደኛ በየ15 ቀኑ «አደረግሃት?» ብሎ ይጠይቃችሁ። የወንጌላውያንና የካቶሊክ ወዳጆቼም ዓመቱን በዚህ ስም ባትጠሩት እንኳ ሉቃስ እናንተም ዘንድ ያው 24 ምዕራፍ ነውና አብረን እንጓዝ።

ጳጉሜን ላይ ስድስቱ ቀናት ይጠብቁናል። በቀን አራት ምዕራፍ ሲነበብ በስድስት ቀን 24 ይሞላል፤ ወንጌሉን ከቴዎፍሎስ ጀምሮ እስከ ዕርገቱ ባንድ ትንፋሽ እንደ ማንበብ ነው። ከጎኑ ደብተሩ ይከፈት። ምልክት ያልተደረገበት ስም፣ ያልተመለሰ ብር፣ ያልተጠራ እንግዳ ይኖራል። ጳጉሜን 6 ቅዳሜ ትውላለች፤ ለመደወልም፣ ሄዶ በር ለማንኳኳትም የሚመች ቀን ናት።

መልካም አዲስ ዓመት። ለዛሬ ማታ ምዕራፍ 1፣ እስከ ቁጥር 38።