በግዴታ መዝናናት

«ሥራ ቦታችንን አስደሳች እናድርግ» የሚል ኢሜይል ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ ከሆነ ነገሩ ገባኝ፤ የምዝናናው በራሴ ጊዜ ነው። ቀጥዬ የምፈልገው «መገኘት ግዴታ ነው» የምትለዋን መስመር ነው። ብዙ ጊዜ ከታች አትጠፋም።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ድሮ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከሰዓት የመዝናኛ ሰዓት ነበረው። አዳራሽ ውስጥ ክብ ሠርተን ቆመን፣ ኳስ እየተቀባበልን፣ ማንም የማያውቀውን ነገር ስለራሳችን እንናገራለን። (ማንም ያላወቀው እንዲታወቅ ስላልፈለግኩ ሊሆን እንደሚችል ያሰበ ሰው አልነበረም።) ስንወጣ ስማችን ትይዩ እንፈርማለን። አዎ፣ ለመዝናናታችን ፊርማ! ወር መጨረሻ ሲሆን ደግሞ ያልተዘጋው ሂሳብ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ እየጠበቀን እኛ ፊኛ እንነፋለን። ከዚያ ሂሳቡን ስንዘጋ እናመሻለን።

ጨዋታ አልወድም ማለቴ አይደለም። የማይዋጥልኝ ማስገደዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢታን ሞሊክ እና ናንሲ ሮትባርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ በሽያጭ ሠራተኞች ላይ አይተውት ነበር። ሥራው ላይ የቅርጫት ኳስ መልክ ያለው ጨዋታ ተጨመረበት። ጨዋታውን ወደው የተቀበሉት ሰዎች ሥራ ላይ ያላቸው ስሜት ተሻሻለ። ያልተቀበሉት ግን ጭራሽ ባሰባቸው። ጨዋታው ያው አንድ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥማ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ ሠራተኛ ሲባረር ከቀረቡበት ምክንያቶች አንዱ ድርጅቱ «ጨዋታ» በሚለው ነገር ውስጥ አይገባም፣ አብሮ አይጠጣም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰበር ፍርድ ቤቱ አልሳተፍም ማለት ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብቱ ነው ብሎ ወሰነለት። ዜናውን ሳነብ ያ የፊርማ ወረቀት ትዝ አለኝ።

ታዲያ ሠራተኛን ምን ያስደስተዋል? ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ባለሙያዎችን (የኛን ሰዎች!) ሥራ ላይ በጣም ደስ ያላችሁና በጣም የከፋችሁ መቼ ነው ብሎ ጠይቋል። ደስ ያላቸው ሥራው ሲሳካ፣ ልፋታቸው ሲታይላቸው፣ ኃላፊነት ሲሰጣቸው ነው። ያስከፋቸው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር፣ የአለቃ ነገር፣ ደመወዝ። «ሰው ሲቃናለት ራሱን፣ ሲበላሽበት መሥሪያ ቤቱን ያነሳል» ብለው የተቹት አሉ፤ አልተሳሳቱም። እሱ ደግሞ የሚያስከፋውን ነገር ማንሳት ብቻውን ደስታ አያመጣም ባይ ነው። እዚህ ላይ እኔ አልስማማም። ቢያንስ በኛ ክፍል እንደዚያ አልሆነም።

የአሁኗ አለቃችን ሰኞ ጠዋት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ይዟችኋል?» የተባለውን ነጭ ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች። ከጎኑ የራሷን ስም ትጽፋለች። የኛን አይደለም፣ የራሷን። አንድ ሰኞ የተጻፈው «አራት ፊርማ» የሚል ነበር። ትንሿም ክፍያ ሳትቀር አራት ሰው ካልፈረመባት አትወጣም፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ሁሌ መስክ ላይ ነው። ደረሰኞቹ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ይከማቻሉ፣ ገንዘቡን ከኪሱ ያወጣው ሠራተኛ እኛ ላይ ይጮሃል፣ እኛ አንገታችንን እንደፋለን። ከላይ ካሉት ጋር ስትከራከር ሰንብታ ለትንንሽ ክፍያዎች ፊርማው ሁለት ሆነ። ፋይሉ ሳሳ። ስልክ ሲጠራ ማን ያንሳው እያልን መተያየት ቀረ። ከጥግ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ የሚውለው ልጅ ወሬ ጀመረ። ለካ ቀልደኛ ነው!

ቴሬሳ አማቢሌና ስቲቨን ክሬመር የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ 12,000 የሚጠጉ የሠራተኞች የዕለት ማስታወሻዎችን አይተው የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም፤ ሰው ቀኑ ጥሩ ነበር የሚለው በአብዛኛው ሥራው ትንሽም ብትሆን ፈቀቅ ስትልለት ነው።

አሁን ማንም ያላዘዘው ጨዋታ አለን። ወር መጨረሻ ላይ ሂሳባችን መጀመሪያ ሲታይ ከባንኩ በስንት እንደሚለያይ እንገምታለን። አብዝቶ የሳተ ሰው ባንክ ይደውላል። ባንክ ደውሎ መስመር ላይ መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ግምቱ ቀልድ የለውም። የማይፈልግ አይገምትም፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀውም የለም። አለቃችን ሰምታ «ሽልማት ላዘጋጅበት?» ብላን ነበር። «ኧረ ይቅርብን!» አልናት። ሳቀችና ተወችው።