«እኔ ጋ እኮ ይታያል»

ፋሲካ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ስልኬ ጠራ። የደወሉት ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት ሲወረድ የባህል ልብስ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ድረ ገጻቸውን ሠርቼ ወደ ሰርቨር (ገጹ ተቀምጦ ለሰው ሁሉ የሚከፈትበት ኮምፒውተር) ካስገባሁት ገና ሦስት ቀኑ ነው። ቀብዱን ተቀብያለሁ፣ ቀብዱንም በልቼዋለሁ፣ ስለዚህ ስልክ አለማንሳት የሚባል ነገር የለም።

«ልጄ፣ ልብሶቹ የሉም» አሉኝ።

«እንዴት የሉም እትዬ?»

«ስሙ አለ፣ ዋጋው አለ፣ ልብሱ የለም። አሜሪካ ያለች ደንበኛዬ አንዱን ቀሚስ ልታዝ ገብታ ባዶ ሳጥን ነው የሚታየኝ አለች። ሰው ጥለቱን ሳያይ ብር ይልካል?»

አይልክም። ከኋላ የልጃቸው ድምፅ ይሰማኛል። «እማዬ፣ እኔ ጋ እኮ ይታያል!» ትላለች። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። እውነትም ከ58 ፎቶ 23ቱ የሉም። በቦታቸው ያቺ የተቀደደች የምትመስል ትንሽ የፎቶ ምልክት ቁጭ ብላለች። አጠገቧ «መነን ቀሚስ»፣ «የፈትል ነጠላ»፣ «ጋቢ» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ጽሑፍ ኮዱ ላይ «አልት» በሚባለው ቦታ የሞላሁት ነው፤ ፎቶው ሲጠፋ ብራውዘሩ፣ ማለትም ገጽ የሚከፍተው እንደ ክሮም ያለ ፕሮግራም፣ በምትኩ እሱን ያሳያል። እሱን ባልሞላ ኖሮ ደንበኛዋ የጎደለው ጋቢ ይሁን ቀሚስ እንኳ አታውቅም ነበር። ቢያንስ አንድ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

ቀጥሎ ያደረግኩት ግን ያሳፍራል። ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርክን ስረግም ዋልኩ። ግቢ ውስጥ አንድ ሌባ የሚባል ልጅ ካለ ዕቃ በጠፋ ቁጥር የሚያዘው እሱ ነው አይደል? አዲስ አበባም ውስጥ አንድ ነገር አልከፍት ካለ መጀመሪያ የሚያዘው ኔትወርክ ነው። ራውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ወደ ሞባይል ዳታ ቀየርኩ። ቪፒኤን ጫንኩ፣ ቪፒኤኑን አጠፋሁ። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ገብቼ በእነሱ ዋይፋይ ሞከርኩ። ጾም ስለሆነ ማኪያቶ የለም፣ በጥቁር ቡና ብቻ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ አስተናጋጇ በመጨረሻ ሌላ ነገር ይምጣልህ ወይ ማለቱንም ተወችው።

ከዚያ ተነስቼ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። የጎደሉትን ፎቶዎች ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ ቤት ሆኜ ከያዝኩት የስክሪን ፎቶ ጋር ሳመሳክረው ያው ነው። ካፌውም ያው ነበር። ሁሌም 23፣ ሁሌም እነዚያው 23ቱ። አሁን ኔትወርክ ሲደክም እንዲህ ያደርጋል? አያደርግም። ኔትወርክ ሲደክም አንዴ ይሄኛው ይጎድላል፣ አንዴ ያኛው፣ አንዱ ግማሽ ድረስ ወርዶ ይቆማል፣ ሪፍሬሽ ስታደርጉ የጠፋው መጥቶ የመጣው ይጠፋል። በሦስት የተለያየ መስመር እነዚያው ዕቃዎች ከጎደሉ ችግሩ መንገዱ ላይ ሳይሆን መጋዘኑ ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን አያስፈልግም፣ አሥር ደቂቃና እስክሪብቶ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ክሮም ላይ ኤፍ12ን ተጫንኩ። የሚከፈተው ሳጥን ላይ፣ እንደ ሹፈት፣ «ኔትወርክ» የሚባል ታብ አለ። እሱን ከፍታችሁ ፎቶዎችን ብቻ እንዲያሳይ ታደርጉና ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርጉት እያንዳንዱ ፎቶ በስሙ ይደረደራል፤ ከስሙ ጎን አንድ ቁጥር አለ። መልሱ ያቺ ቁጥር ናት።

17ቱ 404 ይላሉ። አራቱ 200 ይላሉ። ሁለቱ ቁጥርም የላቸው፣ ቀይ ሆነው ተዘግተዋል። አንድ በሽታ ፍለጋ ሄጄ ሦስት አገኘሁ። በኋላ ደግሞ አራት ሆነ።

404 ማለት ሰርቨሩ ተገኝቷል፣ ተጠይቋል፣ «እንዲህ የሚባል ዕቃ እዚህ የለም» ብሎ መልሷል ማለት ነው። ኔትወርክ ንጹህ ነው፣ ይቅርታ ልንጠይቀው ይገባል። ግን እኔ ፎቶዎቹን በእጄ ነው የጫንኳቸው! ፎልደሩን ከፈትኩት፣ አሉ። ገጹ የለም ይላል፣ ፎልደሩ አለ ይላል።

11ዱ ቶሎ ተፈቱ። የካሜራው ፋይሎች ስም መጨረሻ ላይ ያለችው፣ የፎቶውን ዓይነት የምትናገረው «ጄፒጂ» በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈችው። እኔ ሊንኩ ላይ በትንንሹ ጽፌያታለሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ስለሆነ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ «ያው ነው» ብሎ ያሳልፋል፣ ለዚህ ነው ቤት ስሞክረው 11ዱም ያምሩ የነበረው። ሰርቨሩ ግን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። ሊኑክስ እንደ ድሮ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፣ አንዲት ፊደል ከተለየች ሌላ ሰው ናችሁ። ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ቀየርኩና 11ዱ ብቅ አሉ።

የቀሩት ስድስቱ ናቸው ጉዱ። እነዚህን ላፕቶፔ ላይ አይቻቸው አላውቅም፤ ገጹን በማስገባበት ሌሊት የእትዬ ልጅ የላከቻቸው ናቸው። ስማቸውንም በአማርኛ ነው ያወጣችላቸው። ይደነቃል፣ ጥሩ ነው፣ አማርኛ የፋይል ስም ይሠራል። ሊንኩን በኪቦርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰርቨሩ ላይ «ሐበሻ ቀሚስ» የሚል ፋይል አለ። ሊንኩ ላይ «ሀበሻ ቀሚስ» ይላል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሆኔን ረስቼ። ያው ነው! አንድ ሰዓት ተኩል እነዚህን ሁለት ቃላት እያየሁ ተቀመጥኩ፣ እናንተ አሁን ምናልባት ወዲያው አይታችኋታል።

የያዛት ብራውዘሩ ነው። የአማርኛ ፊደል በሊንክ ውስጥ ሲላክ እንዳለ አይላክም። ኮምፒውተር ፊደልን ወደ ቁጥር በሚቀይርበት ዩቲኤፍ-8 በሚባል ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፣ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት አኃዝ ወይም የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይጻፋል፣ ስለዚህ አንዲት «ሀ» 9 ምልክት ትሆናለች፣ «ሀበሻ» 27። ሊንኩን ከኔትወርክ ታብ ኮፒ አድርጌ፣ የፋይሉንም እንደዚሁ አውጥቼ፣ ኖትፓድ ላይ አንዱን ከሌላው በታች አስቀመጥኳቸው። ከ27ቱ ምልክት የምትለየው አንዲት አኃዝ ናት። በእኔ በኩል የመጀመሪያዋ ፊደል በ80 ታልቃለች፣ በእሷ በኩል በ90።

ሃሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ»! ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን እንደ «ሀ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ታወቀ። ሦስቱ በ«ሐ» ምክንያት ነበር የጠፉት። ሁለቱ በ«ሠ»፤ ልጅቷ «የሠርግ ቀሚስ» ብላለች፣ እኔ «የሰርግ ቀሚስ» ብያለሁ (የሰዋስው መምህሬ ቢሰማ ለእሷ ነበር የሚፈርድላት)። ስድስተኛው ላይ በሁለቱ ቃላት መሃል ስፔስ ሁለት ጊዜ ተመቷል፣ ያ ደግሞ በዓይን ጭራሽ አይታይም። በ«አ»ና በ«ዐ»፣ በ«ጸ»ና በ«ፀ» የጠፋ አልነበረኝም፣ ግን ጊዜ ጉዳይ ነው።

ሁለቱ ቀያዮች የሱቁ አርማና የበሩ ፎቶ ናቸው። ገጹን ስሠራ የሙከራ አድራሻ ነበረኝ፣ ያለ «ኤስ» በ«ኤችቲቲፒ» የሚጀምር። የእነዚህን ሙሉ አድራሻ ኮዱ ውስጥ ጽፌ ረሳሁት። አሁን ዋናው ገጽ መረጃው ተቆልፎ በሚጓዝበት በ«ኤችቲቲፒኤስ» ነው፣ ክሮም ደግሞ በተቆለፈ ቤት ውስጥ ያልተቆለፈ መስኮት አይወድም፤ አድራሻውን ራሱ ወደ «ኤችቲቲፒኤስ» ቀይሮ ይሞክራል፣ የሙከራ አድራሻው ለዚህ የሚያስፈልገው ሰርቲፊኬት ስለሌለው አልሆነም፣ ተወው። አድራሻውን ሳስተካክል አለቀ።

አሁን ወደ አራቱ እንምጣ። 200 ማለት «ይኸው፣ ውሰድ» ማለት ነው። ፋይሉ መጥቷል፣ ክብደቱም ሁለት ሜጋ ምናምን ነው፣ አልጎደለም። ግን አይታይም። የመጣ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ አይታይም እንደማለት።

ልጅቷ ጋ ደወልኩ።

«አንቺ ጋ ይታያል ያልሽው የቱ ነው?»

«ያ ደንበኛችን የጠየቀችው ቀሚስ ነዋ። እኔ ያነሳሁት። አሁንም ይታያል!»

«ስልክሽ ምንድን ነው?»

«አይፎን።»

ወይ ጉድ። ፈጣሪ ይይልኝ እንዳልል ጥፋቱ የእኔ ነው። አይፎን ከ2017 ጀምሮ ካልከለከሉት በስተቀር ፎቶ የሚያስቀምጠው በጄፒጂ ሳይሆን «ሄይክ» በሚባል ዓይነት ነው፣ ቦታ ስለሚቆጥብ። ልጅቷ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትልክልኝ «ፎቶ አድርገሽ አትላኪ፣ ጥራቱ ይወርዳል፣ ፋይል አድርገሽ ላኪ» ያልኳት እኔ ነኝ። ፎቶ ተደርጎ ቢላክ ቴሌግራም ራሱ ወደ ጄፒጂ ይቀይረው ነበር። ፋይል ሲሆን እንዳለ መጣ። እኔ ደግሞ የማላውቀው ስም ስላየሁበት መጨረሻውን ደምስሼ «ጄፒጂ» ብዬ ጻፍኩበት! ፓስታ ካርቶን ላይ ሩዝ ብሎ መጻፍ ማለት ነው፣ ውስጡ ፓስታ ነው። የአይፎኑ ሳፋሪ ከ2023ቱ 17ኛ እትም ወዲህ ሄይክን ማሳየት ስለሚችል እሷ ጋ ያምራል። ክሮም አያነበውም። እኔ ክሮም፣ ደንበኛዋ ክሮም፣ ልጅቷ ሳፋሪ። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር።

አራቱንም በትክክል ወደ ጄፒጂ ቀየርኳቸው። የልጅቷን ስልክም ሱቁ ድረስ ሄጄ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማት የሚለው ጋ ገብቼ ከሁሉም ጋር የሚስማማውን መረጥኩላት። እትዬ ቆሎ አቀረቡልኝ። ቀሪውን ክፍያ ግን አላነሱትም።

58ቱም ታዩ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ እትዬ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው «እኔ ጋ አሁንም ሳጥን ነው» አሉ። ስልካቸው የድሮውን ገጽ ይዞ ነበር፣ ካሽ የሚባለው ነገር። ያስቀመጠውን ድሮ በማይጠቀመው በኢንኮግኒቶ መስኮት ስከፍተው ሁሉም አለ። እዚያው የነበረች አንዲት ደንበኛ ደግሞ ሰምታን «እኔ ጋም የለም» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ፤ የእሷ ጋ ምንም ፎቶ የለም፣ የማንም ገጽ ፎቶ የለም። ኦፔራ ሚኒ ነው የምትጠቀመው፣ ዳታ ለመቆጠብ ከሴቲንጉ ፎቶን ራሷ አጥፍታዋለች። አራተኛው በሽታ ይሄ ነው፣ ግን በሽታ ማለትም ይከብዳል። ሴትዮዋ ትክክል ናት።

እንዲያውም የእሷ ነገር ነው ማታ እንቅልፍ የነሳኝ። ፎቶዎቼን ስመዝናቸው አብዛኞቹ አራት አራት ሜጋ አካባቢ ናቸው፣ ከካሜራ እንደወጡ፣ 4000 በ3000 ፒክስል። 58 ጊዜ አራት 232 ሜጋ ነው። አንድ ነጠላ ለማየት ሰው ፓኬጁን ይጨርስልኝ? ስልክ ላይ ያን ያህል ፒክስል ማንም አያየውም። ወርዳቸውን 1200 ፒክስል አድርጌ በደንብ ሳሳንሳቸው እያንዳንዳቸው ወደ 150 ኪሎባይት ወረዱ፣ ጠቅላላው ዘጠኝ ሜጋ አልሞላም። ጥለቱ አሁንም ክሩ ድረስ ይታያል። ከታች ያሉት ፎቶዎች ደግሞ ሰው ወርዶ እስኪደርስባቸው ድረስ እንዳይመጡ አደረግኩ፤ አንዲት ቃል ኮዱ ላይ መጨመር ነው።

የፋይል ስሙን ጉዳይ ከልጅቷ ጋር ተነጋገርንበት። አሁን ፋይሎቹ ቁጥር ብቻ ናቸው፣ ከ001 ጀምሮ። የትኛው ቁጥር የትኛው ልብስ እንደሆነ የሚጻፍበት ደብተር ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ አለ፣ ልጅቷ በእስክሪብቶ ትሞላዋለች። እዚያ ላይ በፈለገችው «ሐ» ትጻፈው።